የማዶ ጸሐፊው ደረቅ ድምፅ

አገሩን አልነግራችሁም። ብነግራችሁ «እንኳን የእኛ አልሆነ» ብላችሁ እግራችሁን ዘርግታችሁ ትሰሙኛላችሁ፤ እኔ ደግሞ እግሩን ዘርግቶ ለሚሰማኝ ሰው ማውራት አልወድም። ወንዝ ያለበት ከተማ ነው በሉት። ወንዙ ሰፊ ነው። ከወንዙ ወዲያ ያለው አገር ማዶ ይባላል፤ ወንዶቻችን እንጀራ ፍለጋ ወደዚያ ይሻገራሉ። ከማዶ ግን ወሬ አይመጣም። ለምን እንደማይመጣ የሚያውቅ የለም። የማዶ ሰዎች ወሬ አይወዱም ይባላል፤ ወሬ ሳይወዱ እንዴት እንደሚኖሩ እንጃላቸው።

ወሬ በሌለበት ሰው በምን ይጠብቃል? የእኛ ሰው መላ አበጀ። ከተማው ማዶ ጸሐፊ የሚባል ሰው አለው። ሥራው ክረምቱ በወጣ ቁጥር፣ ሰው ለሄደባት ቤት ሁሉ፣ የሄደው ሰው ዘንድሮ ማዶ እንዴት እንደከረመ ከራሱ ፈጥሮ መጻፍና ቤት ድረስ ሄዶ ማንበብ ነው። ፈጠራ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። «እውነት ነው?» ብሎ መጠየቅ ግን ነውር ነው፤ ለቅሶ ቤት ገብቶ ወጡ ጨው አነሰው እንደማለት ነው። ጸሐፊው አንብቦ ሲጨርስ ጠባቂዋ እስከ ገበያ ቀን አስባ ከሁለት ቃል አንዱን ትመልሳለች። «ተቀበልኩ» ካለች አንድ ዓመት ትጠብቃለች። «ይብቃኝ» ካለች ሰውየው ለእሷ ሞተ፤ ጓዟን ጠቅልላ ወደ ዘመዶቿ አገር ትመለሳለች፤ ማዶ ጸሐፊም ዳግመኛ ደጇን አይረግጥም።

በእኛ ዘመን ማዶ ጸሐፊው አስናቀ ይባላል። ገላው የሚባል ባሏ ማዶ የሄደባት ወይዘሮ ደብሪቱ ደግሞ ጎረቤቴ ናት። እኔ ጨው ሻጭ ነኝ። የምነግራችሁን ከሁለቱም አፍ ሰምቼዋለሁ፤ ያልነገሩኝን ደግሞ ግድግዳው ነግሮኛል። የእኔና የደብሪቱ ቤት በአንድ ግድግዳ ነው የሚዋሰነው፤ ያውም ጭቃው የረገፈ።

አስናቀ ደብሪቱን ይወዳት ነበር። ተናገርኩት፤ ከዚህ በኋላ እናንተም ታውቃላችሁ። ጠባቂ ሴት አትጠየቅም፣ አትታጭም፤ ስለዚህ የሚያያት በዓመት አንዴ፣ ሊያነብላት ሲመጣ ብቻ ነበር። ምን ያድርግ? የሆዱን ሁሉ ለገላው አበደረው። «ገላው ከአንድ ቤት ሲወጣ በሩን ገርበብ አድርጎ ተወው» ይላል። «ስሟን ቀስ ብሎ፣ ለራሱ ብቻ ጠራው» ይላል። «ወንዙን በስስት አየው» ይላል። ደብሪቱ እንዝርቷን አስቀምጣ ትሰማዋለች፤ ስትሰማው ፊቷ ፈታ ይላል፤ እሱም ያችን ፊት ተሸክሞ ወጥቶ ዓመቱን ይገፋበታል። ድሃ ነው በሉት ሰነፍ፤ ኑሮው ይኸው ነበር።

ከዚያ ሊቀ አበጣሪ መጡ።

ከየት እንደመጡ አልነገሩንም፤ የማበጠሪያ ቤት የሚባል መሥሪያ ቤት ከፍተው ገበያ መሃል ቆመው ንግግር አደረጉ። «ሮጠ ካልኩ ሮጠ ነው» አሉ። «በፍጥነት ሮጠ ማለት ምን ማለት ነው? ከእናንተ ውስጥ ሲያዘግም የሮጠ ሰው ያየ አለ?» ሳቅን። አጨበጨብን። እውነታቸውን ነበር እኮ! ታሪክ ጸሐፊዎቻችንም አብዝተውት ነበር። አንዱ «እጅግ በጣም በሚያሳዝን ሁኔታ ክፉኛ ምርር ብላ» ብሎ ጀምሮ፣ «አለቀሰች» የሚለው ላይ እስኪደርስ ሰሚው ሁሉ ተኝቶበታል። «ቃል ገብስ ነው» አሉ ሊቀ አበጣሪ። «የተደረገው ፍሬው ነው፤ እንዴት እንደተደረገ የሚያወራው ገለባው ነው። ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ከተማ ታሪክ ውስጥ ገለባ አይኖርም።» ገለባ የተገኘበት ጸሐፊ ወንፊት ጭንቅላቱ ላይ ተደፍቶበት ገበያ መሃል እንዲቆም ተወሰነ።

የተቃወመም ነበር፤ የለም እንዳትሉ። ገለባ ወዳዶች አንድ አውድማ ላይ ተሰበሰቡ፤ እኔም ሄጄ ነበር። አንድ ሽማግሌ ለመክፈቻ ተነሡና «እኛ ዛሬ እዚህ ቀስ ብለን፣ በእርጋታ፣ በሰከነ መንፈስ፣ ያለ አንዳች ጥድፊያ፣ ከልብ በመነጨ ቅንነት፣ እጅግ በተጠናከረ ሁኔታ…» እያሉ ቀጠሉ። ጀንበር ዘቀዘቀች። ምን ልናደርግ እንደተሰበሰብን ሳንሰማ ከብቶቻችንን ልናስገባ ተበተንን። ተቃውሞውም በዚሁ አበቃ።

የጸሐፊዎቹ ብዕር ቢታሰር ድምፃቸው አልታሰረም ነበር። «አለቀሰች» የሚለውን ብቻውን ይጽፉና ሲያነቡት ድምፃቸውን ያንቀጠቅጡታል። ሊቀ አበጣሪ ደረሱበት። ገለባን በድምፅ ማስገባት ኮንትሮባንድ ነው አሉና ደረቅ ንባብ የሚባል ትምህርት ከፈቱ። ተማሪው ውሃ የሞላ ሲኒ ራሱ ላይ አስቀምጦ «እናቱ ሞተች» እና «በግ ገዛ» የሚሉትን በአንድ ድምፅ ያነባል። ፈታኞች ከመጋረጃ ጀርባ ይሰማሉ፤ የቱ ኀዘን የቱ ደስታ እንደሆነ ከለዩበት ወደቀ። አንደኛ የወጣው ማን ይመስላችኋል? አስናቀ ነው። «እናቱ ሞተች» ብሎ ሲያነብ ፈታኞቹ በጉን የገዛ መስሏቸው «እንኳን ደስ ያለህ» አሉት። ከነሐስ የተሠራች ትንሽ ወንፊት ደረቱ ላይ ሰኩለት።

ሕጉ የወጣው ለታሪክ ነበር፤ እኛ ግን ሹም ሲያስነጥሰው የምናስል ሰዎች ነን። ሐኪማችን «ያምሃል?» ይላል፤ «ያመኛል» ትላለህ፤ እንዴት እንደሚያምህ መጠየቅ ስለቀረ ለሁላችንም ያንኑ ሥር ቀቀለልን። የአንድ ሰው ቤት ተቃጠለና «ድረሱ!» ብሎ ጮኸ። ጮኸ ማለቴን ተዉት፤ «አለ» በሉት። «ቶሎ» የምትለዋ ቀርታ ነበርና ሰው ከብቱን አስሮ፣ ምሳውን በልቶ፣ ደረሰ። ቤቱ አመድ ሆኖ ጠበቀን። ሊቀ አበጣሪ ነገሩን መርምረው ጥፋት አላገኙም። «ድረሱ ተባለ፤ ተደረሰ» አሉ።

አስናቀ ፈርቶ የታዘዘ እንዳይመስላችሁ። አምኖበት ነው። የድሮ ታሪኮቹን መለስ ብሎ ሲያነባቸው ራሱን ራቁቱን አደባባይ ላይ ያየ መስሎት አፍሮ ነበር። ያ ሁሉ በስስት፣ ያ ሁሉ ቀስ ብሎ! «ሰው ሁሉ አውቆብኝ ይሆን?» እያለ ላብ ያጠምቀው ነበር። ሕጉ ሲመጣ ልብስ ያለበሱት ያህል ተሰማው። በገዛ እጁ እየነቀለ ጣለው፤ ሲነቅል ደግሞ ጎበዝ ነበር።

እንዲህ እያለ ክረምቱ ወጣና ወደ ደብሪቱ ቤት መጣ። በርጩማው ላይ ተቀመጠ፣ ወረቀቱን ዘረጋ፣ አነበበ።

«ገላው ተነሣ። በላ። ሠራ። ወንዝ ዳር ሄደ። ውሃውን አየ። ተመለሰ።»

ደብሪቱ ጠበቀች። ምንም አልመጣም።

«አለቀ?» አለችው።

«አለቀ፣ ወይዘሮ ደብሪቱ።»

«እንዴት አድርጎ አየው?»

«አየው።»

«ሰማሁ፤ ጆሮ አለኝ። በምን ዓይነት አየው ነው የምልዎት?»

«በዐይኑ» አለ አስናቀ።

ወይ አስናቀ! በዐይኑ! ከግድግዳው ወዲህ ሆኜ ከንፈሬን ነከስኩ።

«ተመለሰስ?» አለች ደብሪቱ። «ደስ ብሎት ነው የተመለሰ፣ ወይስ ሆዱ እየባባ?»

«ሕጉ እኮ…»

«ሕጉን ተዉት፣ አቶ አስናቀ። እኔ የሰማሁትን ልንገርዎ? ወንዙን አይቶ 'አሁን ይህን ማን ይሻገረዋል' ብሎ እያፏጨ ተመለሰ። እንዲህ ነው የሰማሁት። ባዶ ቦታ ሲተዉልኝ የምሞላበት ክፉውን ነው። ጠባቂ ሰው ደጉን ከየት ያመጣዋል?»

አስናቀ ወረቀቱን አጠፈ፣ ዘረጋ፣ መልሶ አጠፈ።

«እስከ ዛሬ ታገሥኩ» አለች ደብሪቱ። «ዘንድሮ ግን ለገበያ ቀን መልሴን ይስሙ። ይብቃኝ ሳልል አልቀርም።»

አስናቀ ከዚያ ቤት እንዴት እንደወጣ አያውቀውም። እሷ ይብቃኝ ካለች ያችን የዓመት አንድ ቀኑንም አጣ፤ ዘመዶቿ ያሉበት አገር ሩቅ ነው። ማዶ ጸሐፊ ከገበያ ቀን በፊት አንዴ አርሞ ማንበብ ይፈቀድለታል። ስለዚህ በማግስቱ ጠዋት፣ የነሐሷን ወንፊት ደረቱ ላይ ሰክቶ፣ ማበጠሪያ ቤት ሄደ።

«ጌታዬ፣ አንዲት ቃል ብቻ ይፍቀዱልኝ» አላቸው።

«የትኛዋን?»

«በስስት የምትለዋን። ውሃውን በስስት አየ ልል ነው።»

ሊቀ አበጣሪ ይቆጡኛል ብሎ ነበር፤ አልተቆጡም። «ጥሩ ቃል ናት» አሉ። «አባቴ ማዶ ሲሄድ ልጅ ነበርኩ። 'ያለ ጥርጥር፣ በቅርብ ጊዜ፣ በእርግጠኝነት እመለሳለሁ' አለኝ። እመለሳለሁ ብቻ ቢለኝ ልጅም ብሆን እጠራጠር ነበር። ያሳመነኝ ጭማሪው ነው። እናቴን ደግሞ ማዶ ጸሐፊው በየዓመቱ በናፍቆት፣ በእንባ፣ በጉጉት እያለ አነበበላት፤ ተቀበልኩ እንዳለች ሞተች። ስማኝ አስናቀ፤ ቃል የሚበዛው ነገሩ ሲያንስ ነው። እኔ ሰው እንዳይታለል ብዬ ነው።»

አስናቀ አዘነላቸው። እኔም ሲነግረኝ አዝኛለሁ፤ አንጀቴን በልተውታል፤ አልዋሽም።

«ትክክለኛውን ግሥ ፈልግ» አሉት ሲሸኙት። «ፍሬ ከሆነ ያለ ገለባው ይበቅላል።»

እኔ ብሆን «ጌታዬ፣ የተፈተገ ገብስ ዘርተው ያውቃሉ?» እላቸው ነበር። ቅርፊቱ የተገፈፈ ገብስ ለሾርባ እንጂ ለዘር አይሆንም፤ ማሳ ያየ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። አስናቀ ግን እጅ ነሥቶ ወጣ።

ቤቱ ገብቶ ግሥ ፍለጋ ጀመረ። «ተመለሰ» የሚለውን ሰርዞ «ተጎተተ» አለ። ማን ጎተተው? ታሰረ ብላ ልትደነግጥ ነው። ሰረዘው። «አፈገፈገ» አለ። ገላው ጦር ሜዳ የዋለ መሰለ። ሰረዘው። «ፈዘዘ» አለ፤ ታመመ እንዳትል ፈራ። እንዲህ ሲል ውሎ አንዷን አገኘ፤ ያለ ጭማሪ፣ ብቻዋን የቆመች፣ ንጹሕ ፍሬ። ማበጠሪያ ቤት ወስዶ አሳያት። ሊቀ አበጣሪ ደስ አላቸው። እሱም ደስ ብሎት፣ ኮራ ብሎ፣ ወደ ደብሪቱ ቤት መጣ።

«ገላው ተነሣ። በላ። ሠራ። ወንዝ ዳር ሄደ። ውሃውን አየ። ናፈቀ። ተመለሰ።»

ደብሪቱ ሳቀች። የምር ሳቀች፤ እኔ ከወዲህ ደነገጥኩ።

«ገላው ናፈቀ?» አለች። «አቶ አስናቀ፣ ገላውን ያውቁት ነበር?»

«አላውቀውም።»

«እኔ አውቀዋለሁ። ገላው በር ሲዘጋ ጎረቤቴ ደንግጣ ጨው ትደፋ ነበር።»

እውነቷን ነው።

«በስስት ያየው ነገር ቢኖር ቁርጥ ሥጋ ነው» አለች። «ክፉ ሰው አልነበረም፤ ነፍሱን አይማረው አልልም፣ ሞቶም እንደሆን። ግን ስሜን ጮክ ብሎ እንጂ ጠርቶት አያውቅም። እርስዎ አንድ ዓመት መጥተው 'ስሟን ቀስ ብሎ፣ ለራሱ ብቻ ጠራው' ብለው አነበቡልኝ። ሲሄዱ ሳቄ መጣ፤ ገላው! አልኩ። ከዚያ ደግሞ ለቅሶዬ መጣ። እንዲህ አድርጎ ስሜን የሚጠራ ሰው የሆነ ቦታ አለ ማለት ነው፤ ከሌለ ማን ጻፈው? አልኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የምጠብቀው እሱን ነው። ገላውን መጠበቅ ከተውኩ ቆየሁ፣ አቶ አስናቀ። ሕጉ መጥቶ ያንን ሰውዬ ወሰደብኝና ገላውን መለሰልኝ። ለገላው ደግሞ ይብቃኝ።»

ግድግዳው ላይ ጆሮዬን ለጥፌያለሁ። ጨው ገዢ ደጄ ቆሞ ይጣራል፤ ይጣራ!

«ማነው እሱ ሰውዬ?» አለችው።

አስናቀ ከበርጩማው ተነሣ።

«እኔ ነኝ» አለ። ቀጥሎም «እወድሻለሁ» አለ።

እንዴት አለው ትሉኛላችሁ። በዚያችው በሠለጠነች፣ ሲኒ በማትደፋ ድምፁ ነዋ! እናቱ ሞተች፣ በግ ገዛ፣ እወድሻለሁ። እኔ ከግድግዳው ወዲህ ሆኜ ገና ታሪኩን እያነበበ መስሎኝ ነበር፤ ልማል።

ደብሪቱ ፊቱን አየችው። ፊቱም ሠልጥኖ ነበር።

«ድገመው» አለችው። እርስዎ ማለቷን ተወች፤ ይህን እኔም ሰማሁ።

«እወድሻለሁ።»

«እንደገና።»

«እወድሻለሁ።» ላቡ በግንባሩ ወረደ። ድምፁ ግን ቅንጣት አልተነቃነቀም።

«ይህን ድምፅ አውቀዋለሁ» አለች ደብሪቱ። «'ተመለሰ' ያልክበት ድምፅ ነው።»

«ውስጤ እንዲህ አይደለም» አለ አስናቀ።

«እንዴት ነው ታዲያ?»

አፉን ከፈተ። ያን ሁሉ ዓመት ለገላው ሲያበድረው ከኖረው ቃል አንዷን እንኳ ፈለገ። በገዛ እጁ ነቅሎ ጥሎታል፤ ቦታው ብቻ ቀርቷል። አፉን ከፍቶ ቆመ፤ እሷም ልትሰማው ወደ ፊት ዘንበል ብላ ቆየች፤ ምንም አልወጣም። እኔ ወዲህ ሆኜ «በል እንጂ! በል እንጂ አንተ ሰው!» እያልኩ ጭቃውን በጥፍሬ ፋቅኩት።

በመጨረሻ ደብሪቱ እንዝርቷን አነሣች።

«በል ሂድ» አለችው። አልተቆጣችም። «ተቀበልኩም አላልኩ፣ ይብቃኝም አላልኩ። ሂድና የጣልካትን ድምፅህን ፈልጋት። እኔ እስክታገኛት እጠብቃለሁ፤ መጠበቅ እንደሆነ ሥራዬ ነው። ግን አደራህን፣ እንደ ገላው አታቆየኝ። አርጅቻለሁ።»

በገበያ ቀን፣ የጠባቂዎችን መልስ አሁን የሚመዘግበው ማበጠሪያ ቤት መልሷን ቢጠይቃት «ገና ነው» አለች። «ገና ነው» የሚል መልስ በሕጉ ስላልነበረ ምን እንደሚያደርጓት ግራ ገባቸው፤ እስካሁንም እየተመካከሩ ነው።

አስናቀ ማንበቡን ትቷል። ማለዳ ማለዳ ሰው ሳይበዛ ወንዝ ዳር ይወርድና ውሃው ፊት ቆሞ ይለማመዳል። እኔ ጨው የጫኑት ጀልባዎች ሲመጡ ለመቀበል ስለምወርድ በየቀኑ እሰማዋለሁ። «እወድሻለሁ» ይላል። ይቆማል። «እወድሻለሁ» ይላል። ጀልባ ቀዛፊዎቹ የሚቆጥር ይመስላቸዋል። ደብሪቱ በምሽት «ዛሬስ?» ትለኛለች፤ «ዛሬም ያው ነው» እላታለሁ፤ ፊቷን ወደ እሳቱ ትመልሳለች።

ትናንት ግን አንዷ ተሰበረችበት። «እወድ…» አለና ድምፁ መሃል ላይ ተንቀጠቀጠ፤ እንደ ሰው ድምፅ ተንቀጠቀጠ። በጆሮዬ ሰማሁት። የያዝኩት ጨው ከእጄ ወደቀ። «ይቺው ናት! እሷኑ ይዘህ ሩጥ!» ልለው አፌን ስከፍት፣ አስናቀ ደንገጥ ብሎ ግራ ቀኝ አየ፤ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ቀጥ ብሎ ቆመና አስተካክሎ ደገማት።